ሴንት ሉዊስ ስትመጡ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

"እዚያ ደግሞ ምን አለ?"

ሴንት ሉዊስ ኑ ስል ከዲሲም፣ ከዳላስም፣ ከአዲስ አበባም የሚመጣልኝ መልስ ይኸው ነው። ኒውዮርክ ወይም ላስ ቬጋስ ቢባል ማንም እንዲህ አይጠይቅም። ሴንት ሉዊስ ያለችበት የሚዙሪ ስቴት ሲባል ግን ብዙ ሰው የሚታየው ከቺካጎ ወደ ዳላስ ሲነዳ ቤንዚን የሚቀዳበት ቦታ ነው።

እኔ ይቺን ከተማ እወዳታለሁ። ወዳጅ ዘመድ ሲመጣም የማዞረው እኔ ነኝ። በአንድ ቀን አይተው ሊጨርሷት ይመጡና ሲሄዱ "ምነው ሁለት ቀን በጨመርን" ይላሉ። የሚሳሳቱት ደግሞ ሁሉም በተመሳሳይ ነገር ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አርቹን ከታች ፎቶ አንስቶ መሄድ

በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የቆመው ጌትዌይ አርች የከተማዋ ምልክት ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ቅስት ነው። ቁመቱ 192 ሜትር፣ ከእግር እስከ እግሩ ያለው ስፋትም 192 ሜትር። ንድፉ የፊንላንድ ተወላጁ ኤሮ ሳሪነን ነው። ቅስቱ በ1965 ሲገጥም ሳሪነን በሕይወት አልነበረም፤ በ1961 አርፏል።

ብዙ ሰው ሳሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳና ወደ መኪናው ይመለሳል። ውስጡ ክፍት መሆኑን፣ እስከ ጫፉ የሚወስድ ትንሽ ባቡር እንዳለውም አያውቅም። እያንዳንዷ ክፍል አምስት ሰው ትይዛለች። በ4 ደቂቃ ላይ ትደርሳላችሁ። ክፍሏ በጣም ጠባብ፣ በሯም አጭር ስለሆነ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው አብሯችሁ ካለ ቀድማችሁ ንገሩት። ሰመር ላይ ትኬቱ ቶሎ ያልቃል፤ በኢንተርኔት አስቀድማችሁ ቁረጡ። ከሥሩ ያለው ሙዚየም መግቢያ አያስከፍልም፣ ነፃ ነው።

ከዚያ መንገዱን ተሻግራችሁ ጉልላት ወዳለው አሮጌው ፍርድ ቤት ሂዱ። በባርነት የተያዙት ድሬድ ስኮትና ባለቤቱ ሃሪየት ነፃነታችን ይታወቅልን ብለው ያቀረቡት ክስ የታየው እዚህ ነው። በ1850 ተፈርዶላቸው ነበር። ነገሩ በይግባኝ ዋሽንግተን ደረሰና በ1857 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ወሰነ። ከአራት ዓመት በኋላ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ። እዚህ አገር ቀኝ እጃችሁን አንስታችሁ ለዜግነት የማላችሁ ሰዎች፣ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ስትቆሙ የሚሰማችሁን እኔ መግለጽ አልችልም። አንድ አጎቴ ብዙ ደቂቃ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር።

የወንጀሉን ቁጥር አይቶ መቅረት

ይህን ጥያቄ ሁሉም ያነሳል፤ ልክም ነው። ሴንት ሉዊስ በአደገኛ ከተሞች ዝርዝር ላይ ደጋግማ ትወጣለች። ግን ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ ያስፈልጋል። ከተማዋ በ1876 ካውንቲ ከሚባለው የዙሪያዋ አስተዳደር ተለይታ ወሰኗን በጠባቡ አጠረች። ዛሬ በአካባቢው ሁሉ ወደ 2.8 ሚሊዮን ሰው ሲኖር፣ ከተማ ተብሎ የሚቆጠረው ግን ወደ 280 ሺህ ሰው ብቻ ነው። ሌሎች ከተሞች ጸጥ ያሉ ዳርቻዎቻቸውን አብረው ይቆጥራሉ። እዚህ ዳርቻው ከሒሳቡ ውጭ ነው። ስለዚህ ወንጀሉ ለሕዝቡ ቁጥር ሲካፈል ድርሻው ከፍ ብሎ ይታያል።

ችግር የለም እያልኩ አይደለም። ድህነት የጎዳቸው ሰፈሮች አሉ፤ እዚያ ለሚኖረው ሰው ሕይወት ከባድ ነው። ለእንግዳ ግን ትልቁ ራስ ምታት የመኪና መስታወት መሰበር ነው። አንድ እንግዳዬ ወንበር ላይ በተወው ባዶ ቦርሳ ምክንያት መስታወቱ ተሰብሮበታል። መኪና ውስጥ ምንም ነገር እንዳይታይ። ባዶ የፌስታል ከረጢት እንኳ ቢሆን።

ፎረስት ፓርክን "መናፈሻ ነው" ብሎ መዝለል

እኔ በጣም የማዝነው በዚህ ነው። ፎረስት ፓርክ ከኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ በእጅጉ ይበልጣል፤ ከ500 ሄክታር በላይ ነው። እዚያ ያለው የአራዊት ግቢ በነፃ ነው። የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ በነፃ ነው። የታሪክ ሙዚየሙ በነፃ ነው። የሳይንስ ማዕከሉም እንዲሁ። ሌላ ከተማ አራት ልጅ ይዛችሁ አንድ የአራዊት ግቢ ብትገቡ ስንት እንደሚነቀል ታውቁታላችሁ።

ነፃ የሆነው እንዲያው በዕድል አይደለም። በ1971 የከተማዋና የካውንቲው ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ከቤት ግብሩ ላይ ለአራዊት ግቢው፣ ለሥነ ጥበብ ሙዚየሙና ለሳይንሱ ተቋም እንዲከፈል ወሰነ፤ የታሪክ ሙዚየሙ ኋላ ላይ ተጨመረ። ነዋሪው ከፍሎ እንግዳው በነፃ ይገባል። በሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ግንብ ላይ "ለሥነ ጥበብ የተሰጠ፣ ለሁሉም በነፃ" የሚል ተቀርጿል። የሚያስከፍሉት የመኪና ማቆሚያ፣ ልዩ ኤግዚቢሽንና አንዳንድ የልጆች መጫወቻ ናቸው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።

ወደ ፓርኩ ለመድረስ መኪና የግድ አይደለም። ሜትሮሊንክ የሚባለው ባቡር ከኤርፖርት ተነስቶ ፓርኩን ነክቶ መሐል ከተማ ይገባል።

ኦሎምፒክ የተካሄደበትን ሜዳ ሳያዩ ማለፍ

እኛ ማራቶን ስንሰማ ጆሯችን ይቆማል። በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው ኦሎምፒክ የተካሄደው በ1904 በሴንት ሉዊስ ነው። ሜዳው አሁንም ከፎረስት ፓርክ በስተ ምዕራብ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አለ።

የዚያ ዓመት ማራቶን ጉድ ነበር። 32 ሰው ሮጠ፤ የጨረሱት 14 ብቻ ናቸው። ሙቀቱና የመንገዱ አቧራ ሰውን ጣለ። ውሃ የሚገኘው አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ነበር። ቀድሞ የገባው ሯጭ መንገዱን በመኪና ማጋመሱ ታወቀና ተሰረዘ። አሸናፊ የተባለው ቶማስ ሂክስም ረዳቶቹ በመንገድ ላይ እንዲበረታ ስትሪክኒን የተባለ መርዝና ብራንዲ እየሰጡት ነው የገባው።

እኔን የሚነካኝ ግን ሌላ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ሁለት የጽዋና ሰዎች፣ ሌን ታውንያኔና ጃን ማሺያኒ፣ በዚያ ውድድር ሮጠዋል። በኦሎምፒክ የተወዳደሩ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አፍሪካውያን ናቸው። ታውንያኔ ውሻ አባሮት ከመንገድ ወጥቶ እንኳ 9ኛ ገባ፤ ማሺያኒ 12ኛ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ወርቁን ያመጣው ከዚያ 56 ዓመት በኋላ ነው። ልጆቼን እዚያ ሜዳ ወስጄ ይህን ሳልነግራቸው አልቀርም።

በስም መሳሳት

ሁለት ናቸው። አንደኛው ሲቲ ሙዚየም ነው። ስሙን ሰምተው የከተማዋ ታሪክ የሚታይበት ይመስላቸዋል። አይደለም። የድሮ የጫማ ኩባንያ ሕንፃ ነው፤ ውስጡ በሙሉ ዋሻ፣ የብረት መሰላልና መንሸራተቻ ሆኗል። አሥር ፎቅ የሚያወርድ መንሸራተቻ አለው። ሱሪና ሽፍን ጫማ አድርጉ። አንዲት የአክስቴ ልጅ በነጭ ቀሚስ መጥታ ቁጭ ብላ ልጆች ስታይ ዋለች።

ሁለተኛው ካቴድራሉ ነው። አርቹ አጠገብ ያለችው በ1834 የተሠራችው አሮጌዋ ናት። ሞዛይኩ ያለው ግን ሊንደል ጎዳና ላይ ያለው ትልቁ ካቴድራል ነው። 41.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ጥቃቅን የመስታወት ቁርጥራጮች ግድግዳና ጣሪያውን ሸፍነዋል። በ1912 ተጀምሮ በ1988 ነው ያለቀው። ነጠላ ለብሳችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብትሄዱ ያምርባችኋል።

ምግብ ላይ አላበዛም። የጣሊያኖች ሰፈር በሆነው ዘ ሂል የተጠበሰ ራቪዮሊ ቅመሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ አለበት። ቴድ ድሩዝ ጋ ያለው አይስክሬም ወተትና እንቁላል ነው። በጾም ከመጣችሁ ሁለቱም ይቅሩባችሁ።

ወንዙን አለመሻገር

ካሆኪያ የሚባለውን የጥንት ከተማ ቦታ እንይ ስላቸው "ካሆኪያ ኢሊኖይ ነው እኮ፣ ሌላ ስቴት" ይሉኛል። ከመሐል ከተማ በመኪና ሩብ ሰዓት ገደማ ነው።

በእኛ አገር ዛግዌዎች በነገሡበት ዘመን አካባቢ፣ እዚያ ከሜክሲኮ በስተ ሰሜን ትልቋ ከተማ ነበረች። ተመራማሪዎች ከ10 ሺህ እስከ 20 ሺህ ሰው ይኖርባት እንደነበር ይገምታሉ። ሰዎቹ አፈር በቅርጫት እየተሸከሙ ጉብታዎች ሠሩ። ትልቁ 30 ሜትር ከፍታ አለው፤ የመሠረቱ ስፋት ከጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ይበልጣል። ዩኔስኮ በ1982 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በሴንት ሉዊስ በኩልም እንዲህ ያሉ ብዙ ጉብታዎች ነበሩ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለቤትና ለመንገድ ሲባል ተደልድለው ጠፉ።

ደረጃውን ቀስ ብላችሁ ውጡ። ጥላ ስለሌለ ውሃና ኮፍያ ያዙ። ጫፉ ላይ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ስታዩ፣ መጀመሪያ ቀን የወጣችሁበት አርች ከሩቅ እንደ ቀጭን ክር ይታያችኋል። ግቢው ሲመሽ ስለሚዘጋ ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።