በውርጭ የሚሞላ አርማታ፦ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ከተማ ላይ አርማታ ሲሞሉ ብርድ ብዙም አያስጨንቅም። ደባርቅን አልፎ ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጨነቅ አካባቢ ከፍታው 3,600 ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል።

ችግር፦ ትናንት የተሞላው ዛሬ ጠዋትም አልያዘም።
መጀመሪያ አርማታው ውስጥ የጨመራችሁትን ኬሚካል ጀሪካን እዩት። ለመተማ ሙቀት የተገዛ ኬሚካል ብዙ ጊዜ ሪታርደር ነው፤ እንዳይቸኩል ያዘገያል። ለብርድ የሚፈለገው አክስለሬተር፣ ማለትም የሚያፋጥነው ነው። ጀሪካኖቹ ስለሚመሳሰሉ ጽሑፉን ሳታነቡ እንዳትጨምሩ። ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ሲሚንቶም በብርድ ይዘገያል፣ ኦፒሲ (መደበኛው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ይሻላል። ውሃውን እስከ 60 ዲግሪ ማሞቅ ይረዳል። ሙቁ ውሃ ግን መጀመሪያ ከጠጠርና ከአሸዋው ጋር ይዙር፣ ሲሚንቶው ከዚያ ይግባ። ቀጥታ ሲሚንቶው ላይ ከፈሰሰ ይጓጉላል።

ችግር፦ ላዩ በጥፍር ሲጫር እንደ አመድ ይረግፋል።
ውርጭ መትቶታል። ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ያብጣል፤ ገና ያልጠነከረውን ሲሚንቶ ይበታትነዋል። እዚህ ላይ «ኬሚካል ጨምረናል እኮ» የሚል ክርክር ይነሳል። አክስለሬተር ውሃውን በረዶ ከመሆን አያድነውም። የሚያደርገው ኮንክሪቱ ቶሎ እንዲጠነክር መርዳት ብቻ ነው። ጥንካሬው 3.5 ሜጋፓስካል ገደማ እስኪደርስ ድረስ የሚጠብቀው ሙቀት ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምራችሁ ሙሉ፣ ፀሐይዋን ተጠቀሙባት። ፌሮው (የአርማታው ብረት) ላይ ያለው አመዳይ ሳይረግፍ አትሙሉ። ከማምሻው በፊት ላዩን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ጭድ ጎዝጉዙበት፣ እንዳይርስ በሌላ ፕላስቲክ ክደኑት። ጠርዝና ጥጉን አትርሱ፤ ቀድሞ የሚበርደው እሱ ነው። ፎርምወርኩንም (አርማታው የሚሞላበትን ቅርጽ ማስያዣ) ለመፍታት አትቸኩሉ።

አንዴ ከተመታ ግን መልሶ የሚያድነው ኬሚካል የለም። የላላውን እስከ ጠንካራው ድረስ ፈልፍሉና ጠግኑ። ኮለን (ምሰሶ) ከሆነና ጉዳቱ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ያማል፣ ግን ይፍረስ። ቤተሰብ የሚያድርበት ቤት ነው።

ችግር፦ ከጊዜ በኋላ በፌሮው መስመር ስንጥቅና የዝገት ቀለም ይወጣል።
አንዱ ምክንያት እንደ አክስለሬተር የሚጨመረው ካልሲየም ክሎራይድ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎም ያሲዛል፣ ፌሮውን ግን ይበላል። ፌሮ ያለበት ሥራ ላይ ክሎራይድ የሌለበትን፣ ለምሳሌ የካልሲየም ናይትሬቱን ዓይነት ግዙ። ክሎራይዱ ፌሮ ለሌለው ሥራ ብቻ ይሁን፤ ያውም ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ ከ1 ኪሎ አይለፍ።