አይስ ቦክሳችሁ ቅዝቃዜ አልይዝ ካለ

ከላንጋኖ ስንመለስ ዝዋይ ላይ ቆመን 3 ኪሎ የዓሣ ፊሌቶ ገዛን። ዓሣው ገና ጠዋት የወጣ ነው። ነጭ፣ ጠንከር ያለ፣ ምንም ሽታ የሌለው። አይስ ቦክሱ ውስጥ አስገብተን ወደ አዲስ አበባ ነዳን። ቤት ደርሰን ክዳኑን ስከፍት ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው። በረዶ የሚባል ነገር የለም፤ ዓሣው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተኝቷል። በጣቴ ጫን ሳደርገው ሰርጎ ቀረ፣ አልተመለሰም። ሁሉንም ጣልነው። ልጆቹ መንገዱን ሙሉ ስለዚያ ዓሣ ሲያወሩ ነበር የመጡት።

ማታ ሳጥኑን አጥቤ ክዳኑን አንኳኳሁት። እንደ ባዶ ጀሪካን ጮኸ። ግድግዳው ውስጥ ፎም አለ፣ ክዳኑ ውስጥ ግን አየር ብቻ። ስገዛው ያየሁት የግድግዳውን ውፍረት ነበር።

ብዙ ሰው በረዶ ቶሎ ሲያልቅበት ሌላ ውድ ሳጥን ሊገዛ ይነሳል። እባካችሁ መጀመሪያ ምልክቱን እዩ። ምልክቱ ጥፋቱ የት እንዳለ ይናገራል፤ ብዙውም ያለ ወጪ ወይም በትንሽ ወጪ ይስተካከላል።

ጠዋት የገባው በረዶ ምሳ ሳይደርስ አለቀ

ከሳጥኑ በፊት ያስገባችሁትን ዕቃ ጠርጥሩ። 24 ጠርሙስ ለስላሳ ከሱቅ ገዝታችሁ ሳይቀዘቅዝ ብትጨምሩት፣ እሱን ከ25 ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ ብቻ ከ2 ኪሎ በላይ በረዶ ይቀልጣል። መንገድ ሳትጀምሩ በረዶው ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። ሳጥኑ ራሱም በረንዳ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ሲሞቅ የዋለ ከሆነ ከበረዶው ድርሻውን ይወስዳል።

መፍትሄው ከዋዜማው ይጀምራል። መጠጡም ምግቡም ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ሳጥኑ ውስጥ ማታውኑ አንድ ሁለት የቀዘቀዘ ሃይላንድ አስገቡና ክዳኑን ዘግታችሁ አሳድሩት። ጠዋት እነሱን አውጥታችሁ አዲሱን በረዶ ሙሉ። መጠኑ ከተቻለ ሁለት እጅ በረዶ፣ አንድ እጅ ዕቃ ይሁን።

እኔ በረዶ ፍለጋ አልዞርም። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ ፍሪዘር ውስጥ አስተኛለሁ። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ስለሚሰፋ ከአፉ ጎደል አድርጉት፣ አለዚያ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ከጉዞው 2 ቀን ቀደም ብላችሁ ብትጀምሩ ይሻላል፤ መብራት አንድ ሌሊት ቢሄድ እንኳ ጊዜ አላችሁ። ትልቅ በረዶ ከደቃቁ ዘግይቶ ይቀልጣል፣ ምክንያቱም ለሙቀት የሚጋለጠው ገጹ ከክብደቱ አንፃር ትንሽ ነው። ሲቀልጥ ደግሞ የሚጠጣ ቀዝቃዛ ውሃ ይሆናል።

ሁሉም ቀዝቅዞ ገብቷል፣ አሁንም አይይዝም

እዚህ ላይ ክዳኑን አንኳኩ። ግድግዳውን አንኳኩና ድምፁን አወዳድሩት። ግድግዳው ድፍን ያለ ድምፅ፣ ክዳኑ የባዶ ዕቃ ድምፅ ከሰጠ የእኔ ዓይነት ሳጥን ነው ያላችሁ። በርካሽ ሳጥኖች ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። መኪና ውስጥም ሆነ ሜዳ ላይ ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው ደግሞ ክዳኑን ነው።

አዲስ ክዳን አያስፈልግም። ከአሮጌ ፍራሽ ወይም ቴሌቪዥን ከሚታሸግበት ነጭ ፎም ልክ በሳጥኑ አፍ ቁረጡና በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከዕቃው በላይ አስተኙት። በረዶው ላይ እንደ ሁለተኛ ክዳን ይሆናል። ከላይ ደግሞ ጋቢ ደርቡበት። እናቴ ይህን ሳደርግ አይታ «ልጄ፣ በረዶ ጋቢ ታለብሳለህ እንዴ? ይቀልጥብሃል እኮ!» ብላኝ ነበር። ጋቢ ግን በራሱ ሙቀት አያመነጭም። እኛን የሚያሞቀን የገላችንን ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚይዝብን ነው። የውጪውንም ሙቀት ወደ በረዶው እንዳይገባ በዚያው መንገድ ይይዘዋል። ማታ ላንጋኖ ዳር ሆነን ጋቢውን ገልጣ እጇን ከተተችና ገና ድንጋይ የመሰለውን ሃይላንድ ዳሰሰች። ከዚያ ወዲህ ጋቢውን የምታለብሰው እሷ ናት።

ክዳኑ ድፍን ከሆነ ጠርዙን መርምሩ። የ100 ብር ኖት ጠርዙ ላይ አድርጋችሁ ክዳኑን ዝጉና ሳቡት። ያዝ ካደረገው ደህና ነው። እንደ ቅቤ ሸርተት ብሎ ከወጣ በዚያ በኩል አየር ይገባል። አራቱንም ጎን ሞክሩ። መፍትሄው የበርና የመስኮት ክፍተት የሚደፈንበት፣ ከኋላው ማጣበቂያ ያለው ስፖንጅ ነው። ክዳኑ ተጣሞ ከሆነ በቀበቶ ጠፍራችሁ እሰሩት።

ይህም ደህና ከሆነ ጥፋቱ የእጃችን ነው። ልጅ ለስላሳ ሊያወጣ ሲከፍት፣ ሌላው የቱን እንደሚመርጥ ሲያስብ፣ ቀዝቃዛው አየር ወጥቶ ሞቃቱ ይገባል። ለመጠጥ አንድ ትንሽ ሳጥን፣ ለሥጋና ለምግብ ሌላ ያዙ። የመጠጡ መቶ ጊዜ ይከፈት፤ የሥጋው እስኪጠበስ ድረስ ተዘግቶ ይቆይ። እንደ አዋሽ ፓርክ ባለ ሞቃት ቦታ ደግሞ ጥላው ሲዞር ሳጥኑም አብሮ ይዙር።

ከውጪ አንድ ቦታ ላይ ያልበዋል

እርጥበት ባለበት አየር ሳጥኑ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጤዛ ካወጣ፣ እዚያ ጋ ቅዝቃዜው እየወጣ ነው። ሲፈበረክ ፎሙ ሳይደርስበት የቀረ ክፍት ቦታ አለ። ይህ በጥገና አይድንም ብል ይቀለኛል። ያን ጎን በፎም ሸፍኑት፣ ወይም መኪና ውስጥ ስታስቀምጡ ወደ ጥላው አዙሩት።

ባዶውን ከበደ፣ ሲነቀነቅ የውሃ ድምፅ አለው

ግድግዳው ውስጥ ውሃ ገብቷል። የረጠበ ፎም ሙቀት መከልከሉን ይተዋል። ብዙ ጊዜ በሩ የውሃ ማፍሰሻው ታፖ ዙሪያ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የውስጡ ፕላስቲክ ላይ ያለ ስንጥቅ። በረዶ በቢላ ወይም በመዶሻ ሳጥኑ ውስጥ ስንፈልጥ የምናመጣው ጣጣ ነው። ታፖውን ፈትታችሁ፣ ሳጥኑን ደፍታችሁ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ብዙ ቀን አቆዩት። ክብደቱ ሲመለስ ስንጥቁን በሲሊኮን ድፈኑ። ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ምግብ አታስገቡበት።

ሥጋው ውሃ ውስጥ ዋኘ

የቀለጠውን ውሃ ቶሎ ቶሎ ማፍሰስ ጥሩ ይመስላል። ግን ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ባፈሰሳችሁት ቁጥር ቦታውን ሞቃት አየር ይይዘዋል። ችግሩ ውሃው ሳይሆን አስተሻሸጋችን ነው። ሥጋውን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አድርጉና ከታች በኩል፣ በረዶው አጠገብ አስቀምጡት። ደሙ አምልጦ ሰላጣውና ፍራፍሬው ላይ እንዳይደርስ ለየብቻ ይሁኑ። ውሃውን የምታፈስሱት አዲስ በረዶ ስትጨምሩ ወይም ምግቡ ሊነካው ሲል ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ቢኖር ደስ ይለኛል። ሥጋ፣ ዓሣና ወተት ከ4 ዲግሪ በታች መቆየት አለባቸው። ከዚያ በላይ 2 ሰዓት ከቆዩ፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ፣ ጣሉት። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ግን በልጅ ሆድ አይሞከርም።

ለሽታው 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና በ4 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ የክዳኑን ጎማ እጥፋትና የታፖውን ቀዳዳ እጠቡ። ከዚያ አለቅልቁት፣ ክዳኑን ከፍታችሁ አስቀምጡት። ማጠፊያው ከተሰበረ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ በብሎን ምቱለት፤ እንዲያውም ከፕላስቲኩ ይጠነክራል።

አይ፣ አዲስ ነው የምገዛው ካላችሁ

ጠንካራ የሚባሉት ሳጥኖች የሚሠሩት ጣሪያችን ላይ እንዳለው ሮቶ ነው። የፕላስቲክ ዱቄት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገባና እየተሽከረከረ ይቀልጣል። ግድግዳው መጋጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ ስለሚሆን ቢወድቅም ቶሎ አይሰነጠቅም። በ2006 ሁለት ወንድማማቾች አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ያቋቋሙት ዬቲ ስሙን ያገነነው በዚህ ዓይነት ሳጥን ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ክብደቱም እንዲሁ። መካከለኛው ባዶውን ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል። ለቅዳሜና እሁድ ላንጋኖ ለምትሄዱ ክዳኑም ግድግዳውም ፖሊዩሬታን ፎም የተሞላ ተራ ሳጥን ይበቃል እላለሁ። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ መጠኑ በኳርት ነው የሚጻፈው፤ 50 ኳርት ወደ 47 ሊትር ነው። «በረዶ 5 ቀን ይይዛል» የሚለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ሞልተው ሳይከፍቱት የለኩት ነው።

ብዙ ሱቅ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተለጥፏል። ስለዚህ ሙከራው ሱቁ ውስጥ ይለቅ። ክዳኑን አንኳኩ። የብሩን ኖት አራቱም ጎን ላይ ሳቡ። ታፖውን ፍቱና ዝጉ። ሻጩን ባለ 2 ሊትር ውሃ አስመጡትና ቆሞ ይገባ እንደሆነ እዩ፤ ከቆመ በረዶውም ይቆማል። መጨረሻ ላይ ውስጡን በውሃ ካርቶን ሙሉና ከሻጩ ጋር ግራና ቀኝ ይዛችሁ አንሱት። እጀታው ከተለመጠ ወይም ከተንቋቋ እዚያው ተዉት።