ቅልጥም ሲያም፦ ርቀት ለሚጨምሩ ጀማሪ ሯጮች

ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ብለው መስከረም ላይ ልምምድ ከሚጀምሩት ብዙዎቹን የሚያስቆማቸው ትንፋሽ ሳይሆን ቅልጥም ነው።

ምልክቱ፦ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ቅልጥም በውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ማመም ይጀምራል። ሩጫው ሲጀመር ያማል፣ ሰውነት ሲሞቅ ይለቃል፣ በማግስቱ ከአልጋ ሲወርዱ ይመለሳል። የሚያባብሰው «ለቀቀኝ» ብሎ መቀጠሉ ነው።

ምክንያቱ፦ ትንፋሽ በጥቂት ሳምንት ይከፈታል፤ አጥንት ጫናውን የሚለምደው ግን በወራት ነው። ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው፦ ማክሰኞ 3 ኪሎ ሜትር፣ ሐሙስ 4፣ እሁድ ከለመደ ጓደኛ ጋር 8። ከዜሮ ተነስቶ በሳምንት 15 ኪሎ ሜትር፣ ያውም በአስፋልት፣ ያውም በጓደኛ ፍጥነት!

መጀመሪያ በአውራ ጣት ፈትሹ። የአጥንቱን ውስጠኛ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ተጫኑት። ሕመሙ አራት ጣት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከተዘረጋ የጫና ሕመም ነው። ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ ብቻ ከጠነከረ፣ ተኝታችሁም ካመማችሁ ወይም በአንድ እግር መዝለል ካቃታችሁ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይታይ ይችላል፤ «ራጁ ምንም የለውም» ተባልኩ ብላችሁ አትሩጡ።

መፍትሄው፦ ፈጠን ብላችሁ ስትራመዱ ሕመም እስኪጠፋ ድረስ ሩጫ የለም። ከዚያ በሳምንት 3 ቀን፣ አንድ ቀን እየዘለላችሁ፣ 1 ደቂቃ ሩጫና 2 ደቂቃ እርምጃ 8 ጊዜ። ካላመመ በሚቀጥለው ሳምንት 2 ደቂቃ ሩጫ በ2 እርምጃ፣ ቀጥሎ 3 በ1። ኪሎ ሜትር መቁጠር የሚጀመረው 20 ደቂቃ ሳታቋርጡ ስትሮጡ ነው። ያኔም የእሁዱን ብቻ ጨምሩ፣ በሳምንት ከ1 ኪሎ ሜትር ሳይበልጥ፤ በየ4ኛው ሳምንት ከሳምንቱ ርቀት ሲሶውን ቀንሱ። እየሮጣችሁ ወሬ ካቋረጣችሁ ፈጥናችኋል። ደረጃ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ማንሳትና ማውረድ፣ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ባትን ያጠነክራል።

ዲክሎፌናክ ውጦ መሮጥ ክልክል ነው። ክኒኑ ሕመሙን ይሸፍናል፣ አጥንቱን አይጠግንም፤ ጉዳቱ ሲብስ እንኳ አይታወቃችሁም።

ጫማ፦ ሰልባጅ ታጥቦ ሲያበራ አያታልላችሁ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ተዉት። የሶሉ ስፖንጅ በጎን በኩል ተጨማዶ በጣት ሲጫኑት የማይሰረጉድ ከሆነም አልቋል። የታዋቂ ብራንድ ስም ተለጥፎበት እንደ እንጨት የሚገጭ አዲስ ጫማ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ለእግር ያላሰበ ሰው የሠራው ነው።

ጎን ውጋት፦ ከምግብ በኋላ 2 ወይም 3 ሰዓት ቆዩ።

የጉልበት ፊት ሲያም፦ ከእንጦጦ ቁልቁል መሮጡን ተዉ፤ ዳገቱን ሩጡ፣ ቁልቁለቱን ተራመዱ።

የጣት ጥፍር ሲጠቁር፦ ጫማው ጠቧል፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይትረፍ።

ከውጭ አገር ለሩጫው የሚመጡ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በእርምጃ ጀምሩ። ደረት ከጨመደደ ወይም ራስ ካዞረ ግን ወዲያው ቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።