የጓደኛን ረቂቅ ድርሰት አንብቦ አስተያየት እንዴት ይሰጣል?

መምህሩ «ረቂቃችሁን ተለዋወጡና አስተያየት ስጡ» ሲሉ ግማሹ ክፍል «አሪፍ ነው፣ በርታ» ብሎ ይመልሳል። ሌላው ቀይ እስክሪብቶ አንስቶ የፊደል ግድፈት ያድናል። ሁለቱም ጸሐፊውን አይጠቅሙትም። ዛሬ ፊደሉ የታረመለት አንቀጽ ነገ ከነጭራሹ ሊወጣ ይችላል።

ሥራው የሚጀምረው ከጸሐፊው ነው። ረቂቃችሁን አንድ መስመር እየዘለላችሁ ጻፉ፤ ኅዳጉንም ሰፋ አድርጉት። ከታች ያሳሰባችሁን ነገር በጥያቄ አስፍሩ፦ «መግቢያዬ ረዘመ?»፣ «ሦስተኛው አንቀጽ ከርዕሱ ወጥቷል?»። «እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ «ጥሩ ነው» ከመባል አያልፍም።

ሦስት ሆናችሁ በአንድ ዴስክ የምትቀመጡ ከሆነ ወረቀቱን ወደ ቀኝ ማሳለፍ ይበቃል። የልብ ጓደኛሞች ግን ባይገናኙ ይሻላል፤ ይሉኝታ ይይዛቸዋል።

መጀመሪያ እስክሪብቶ ሳትይዙ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ከዚያ ድምፅ እያሰማችሁ ድገሙት። ምላሳችሁ የተደናቀፈበትን ቦታ በእርሳስ አስምሩበት። በአማርኛ ማሰሪያ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ሲሆን»፣ «በመሆኑም» እየተባለ ሲቀጠል አንድ ዓረፍተ ነገር ስድስት ሰባት መስመር ይሄዳል፤ ማን ምን እንዳደረገ ሳይታወቅ ትንፋሽ ያልቃል። ዓይን ይህን ዘሎት ሊያልፍ ይችላል፣ ጆሮ ግን ይይዘዋል።

አሁን አስተያየቱን ጻፉ። ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። ጓደኛችሁ ስለ ውኃ እጥረት ጽፏል እንበል፦ «በሰፈራችን ውኃ ትልቅ ችግር ነው። ውኃ ሕይወት ነው። ስለዚህ የሚመለከተው አካል መፍትሔ ሊሰጠን ይገባል።» እዚህ ላይ «ማስረጃ ይጎድለዋል» ብትሉት ምን እንደሚጨምር አያውቅም። እንዲህ ብትሉትስ? «ሰፈራችሁ አልታየኝም። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው ማነው? በዚያ ቀን ከትምህርት ይቀራል?» አሁን የሚጽፈው ነገር አገኘ።

እንደ አንባቢ የደረሰባችሁን ንገሩት፤ የትኛው ቦታ ልባችሁ ውስጥ ቀረ፣ የት ላይ ግራ ተጋባችሁ፣ ምን መስማት ፈልጋችሁ ሳይነግራችሁ ቀረ። ዓረፍተ ነገሩን ግን እናንተ አትጻፉለት። ድርሰቱ የሱ ነው። ደስ ያላችሁን ቦታም ለይታችሁ ጥቀሱ፤ በማሻሻል ስም ጥሩውን እንዳያጠፋው ይረዳዋል።

ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ «ሰ» ነው «ሠ» የሚለው የሞክሼ ፊደል ጉዳይ ለመጨረሻው ረቂቅ ይቆይ።

አስተያየት ሲነገራችሁ አትከራከሩ። «እሱማ ማለት የፈለግሁት...» ብላችሁ ማስረዳት ካማራችሁ፣ ያ ማብራሪያ ወረቀቱ ላይ የለም ማለት ነው። ሳትረሱት ጻፉት። የተባለውን ሁሉ መቀበል ግዴታ አይደለም፤ ሁለት አንባቢዎች አንድ ቦታ ላይ ከተደናገሩ ግን ያንን ቦታ ከማስተካከል ውጪ አማራጭ የለም።

ለመምህራን፦ የአስተያየቱ ወረቀት ከተሻሻለው ድርሰት ጋር ተያይዞ ይግባ። ከ10 ነጥብ 2ቱን ለአስተያየት ሰጪው መድቡለት። ነጥብ ያለው መሆኑን ያወቀ ተማሪ «አሪፍ ነው፣ በርታ» ብሎ አይመልስም።