ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን ሪቪው አድርጉ

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አንዴ አንድ ፓወር ባንክ እጄ ገባና በሁለተኛው ቀን ሪቪው (የዕቃ ግምገማ) ሰራሁለት፣ ቀጭን ነው፣ ቶሎ ቻርጅ ያረጋል፣ መብራቷም ምናምን ደስ ትላለች ብዬ አሞጋገስኩት፣ ሰውም አመነኝና ገዛ። በስድስተኛው ሳምንት ጎኑ አብጦ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ይወዛወዝ ጀመር። ለካ እኔ ሪቪው ያደረኩት ካርቶኑን ነበር፣ የተጻፈውን አንብቤ በራሴ ድምፅ ደገምኩት በቃ። ከዛ ወዲህ አንድ ህግ አለኝ፤ ቁጥር ካየሁ እለካለሁ፣ መለካት የማልችለውን ደሞ «አምራቹ እንዲህ ይላል» ብዬ አልፋለሁ እንጂ እንደራሴ እውቀት አላወራውም። (ያበጠ ባትሪ ካጋጠማችሁ እንዳትጫኑት፣ እንዳትበሱት፣ ቻርጅ ላይም እንዳትሰኩት፣ እሱ ቀልድ አያውቅም።)

ለመለካት ላብራቶሪ አያስፈልግም። እኔ የምጠቀመው አንድ ዩኤስቢ ሜትር ነው፣ ቻርጀሩና ኬብሉ መሀል የምትሰካ ቮልት፣ አምፔርና ዋት የምታሳይ ትንሽዬ ነገር፣ ከዛ የስልኬ ሰዓት፣ ሚዛን፣ እና ማስታወሻ ደብተር። ደብተሩን እንዳትንቁት። በሦስተኛው ቀን ስለ ኢርበድ (ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ) «ኬዙን በአንድ እጅ መክፈት አልቻልኩም» ብላችሁ ካልጻፋችሁት በሃያኛው ቀን ለምዳችሁት ትረሱታላችሁ፣ አንባቢ ግን ማወቅ የሚፈልገው እሱን ነው።

አንቦክሲንጉን በአጭሩ ጨርሱት። ካርቶን ሲከፈት ማየት የሚወድ ሰው አለ፣ አልቃወምም፣ ግን ቁምነገሩ ውስጡ ምን እንደሌለ መናገሩ ላይ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ከአይፎን 12 ጋር ቻርጀር ከካርቶኑ ካወጣ ወዲህ ሌሎቹም ተከተሉት፣ ስለዚ ሰው ዕቃውን ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው ሌላ መግዛት እንዳለበት የሚገባው። እሱን ቀድማችሁ ንገሩት።

ሰው በብዛት የሚሸወደው ፓወር ባንክ ላይ ስለሆነ እሱን በደንብ እንየው። ካርቶኑ 20,000 ሚሊአምፔር አወር (በአጭሩ ሚሊአምፔር የምንለው) ይላል፣ የስልካችሁ ባትሪ 5,000 ነው፣ ስለዚ አራት ጊዜ ይሞላልኛል ብላችሁ ታስባላችሁ አይደል? አይሞላም። ሌብነት ስለሆነ ብቻም አይደለም (አንዳንዴ እሱም አለ)። 20,000 የሚባለው ውስጡ ያሉት ሴሎች (ባትሪዎቹ) በራሳቸው ቮልት፣ ማለትም በ3.7 ቮልት ገደማ የሚይዙት ነው፣ ሲባዛ 74 ዋት አወር (የያዘው ጠቅላላ ጉልበት) ይመጣል። በዩኤስቢ ሲወጣ ግን ቢያንስ ወደ 5 ቮልት ከፍ ብሎ ነው፣ 74ን ለ5 ስታካፍሉት 14,800 ሚሊአምፔር ሆነ፣ ከዛ ላይ ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ሰርኪውት በሙቀት የሚያባክነውን ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት ስትቀንሱ 13,000 አካባቢ ትገባላችሁ። ስልኩ ደሞ ሲቀበል የራሱን ያባክናል። ስለዚ በተግባር ሦስት ጊዜ ገደማ ከሞላላችሁ ጎበዝ ፓወር ባንክ ነው፣ እንዳታማርሩበት። ብዙዎቹ ራሳቸው ጀርባቸው ላይ በጥቃቅን ፊደል «ሬትድ ካፓሲቲ» ብለው ትክክለኛውን ቁጥር ይጽፋሉ፣ ካርቶኑ ፊት ላይ ግን ትልቁ ቁጥር ነው የሚደምቀው።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ሙሉ ቻርጅ አድርጉት፣ ሜትሩን መሀል ሰኩና ስልክም ይሁን ታብሌት እያፈራረቃችሁ ጨርሶ እስኪጠፋ አስወጡት። ከዛ ሜትሩ ላይ የተጠራቀመውን ዋት አወር አንብቡ፣ ሚሊአምፔሩን ተዉት፣ ምክንያቱም ፋስት ቻርጅ ሲጀምር ቮልቱ 9 ምናምን ይገባና ሚሊአምፔሩ ከካርቶኑ ቁጥር ጋር የማይነጻጸር ይሆናል። ከ74ቱ 62፣ 65 ካገኛችሁ አሪፍ። 45 ካገኛችሁ ወይ ሴሎቹ የተባለውን አይዙም ወይ ሰርኪውቱ ደካማ ነው፣ የትኛው እንደሆነ መክፈት ሳያስፈልጋችሁ ቁጥሩን ጻፉት። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ አላምንም፣ ሁለቴ ነው የማደርገው፣ አንዳንዴ የመጀመሪያው ዙር ላይ በቅጡ ሳይሞላ ሊሆን ይችላል። ለሚበር ሰው ደሞ አንድ መስመር ጨምሩ፤ አየር መንገዶች ያለ ፈቃድ የሚያሳልፉት እስከ 100 ዋት አወር ነው፣ እሱም በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይደለም። 27,000 በ3.7 ስታባዙ 99.9 ይመጣል፣ ትልልቆቹ ፓወር ባንኮች እዛ ጋ የሚቆሙት ለዚህ ነው።

ኬብል ማንም ሪቪው አያደርገውም፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምወደው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ታይፕ ሲ ኬብል ጎን ለጎን ብታስቀምጡ መንታ ይመስላሉ፣ ውስጣቸው ግን አይገናኝም። ተራው 3 አምፔር ነው የሚያሳልፈው፣ ማለትም እስከ 60 ዋት፣ 5 አምፔር የሚያሳልፈው ደሞ ጫፉ ውስጥ ራሱን ለቻርጀሩ የሚያስተዋውቅ ቺፕ አለው፣ እሱ 100 ዋት፣ አዲሶቹ እስከ 240 ዋት ይደርሳሉ። ቺፑ ከሌለ ቻርጀራችሁ የፈለገ ጉልበተኛ ቢሆን ከ60 አያልፍም፣ ሰው ግን ላፕቶፑ ቀስ ብሎ ሲሞላ ቻርጀሩን ነው የሚሳደበው። ፋይል ማስተላለፉ ደሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለቻርጅ ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ የድሮው ዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት ናቸው፣ 480 ሜጋቢት በሰከንድ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አይፎን 15 ፕሮ እንኳን ስልኩ ራሱ 10 ጊጋቢት እየቻለ ካርቶኑ ውስጥ የመጣለት ኬብል ዩኤስቢ 2.0 ነው። ስለዚ 10 ጊጋባይት የሚሆን ቪዲዮ ያዙና ከስልክ ወደ ኮምፒውተር አስተላልፉ፣ ሰዓት ያዙ። በደህናው ኬብል ሰከንዶች የሚቆጠሩበት ነገር በሌላው ተነስታችሁ ወዲያ ወዲህ ብላችሁ ስትመለሱም አላለቀም። ሁለቱም ዕቃዎች ፍጥነቱን የሚችሉ መሆናቸውን ግን አጣሩ፣ አለዚያ ኬብሉን በሀሰት ትከሱታላችሁ።

የኬብል አንገቱ ላይም አይናችሁን ጣሉ፣ ጫፉና ሽቦው የሚገናኙበት ቦታ። መጀመሪያ የሚሞተው እዛ ጋ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፎቶ አንሱት፣ በየወሩ እዛው ቦታ፣ በዛው ብርሃን ደግማችሁ አንሱት፣ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ብዙ ማውራት አያስፈልጋችሁም።

ቻርጀር ላይ ደሞ ብልጠቷ ብዙ ቀዳዳ ያላቸው ላይ ናት። 65 ዋት ይላል፣ እውነቱን ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ስትሰኩ። ሁለተኛውን ስትሰኩ ይካፈላሉ፣ ሦስተኛውን ስትጨምሩ አንዳንዶቹ ጭራሽ ለስልክ እንኳን የማይበቃ ነው የሚሰጡት፣ አንዳንዱ ደሞ አዲስ ነገር በተሰካ ቁጥር ሁሉንም አቋርጦ እንደገና ይጀምራል። እሱን በካርቶን ላይ ማን ይጽፋል? ሰክታችሁ፣ ነቅላችሁ፣ ሜትሩን አይታችሁ ጻፉ። ደሞ አንዳንድ ስልኮች የራሳቸው ፋስት ቻርጅ ስላላቸው 100 ዋት የሚባለው የሚሰራው በራሳቸው ቻርጀርና በራሳቸው ኬብል ብቻ ነው፣ በሌላ ሲሰካ በጣም ይወርዳል። ስለዚ በየትኛው ስልክ እንደሞከራችሁት ሳትጽፉ «ፈጣን ነው» አትበሉ።

ኢርበድ ላይ ስፔክ ማንበብ ጭራሽ ዋጋ የለውም ባይ ነኝ። ብሉቱዝ 5.3 ስለሆነ ድምፁ ያምራል የሚል ሰው አይቼ አውቃለሁ፣ ቁጥሩ ግን በዋናነት ስለ ግንኙነቱና ስለ ባትሪ ቁጠባው ነው፣ የድምፁን ጥራት የሚነካው ኮዴክ የሚባለው፣ ድምፁን ጨምቆ በብሉቱዝ የሚልክበት ዘዴ ነው፣ እሱም ስልኩ ካልደገፈው የለም ማለት ነው። ኤልዳክ የሚባለው ኮዴክ አለው ተብሎ የተሸጠ ኢርበድ ከአይፎን ጋር ሲገናኝ ኤኤሲ በሚባለው ሌላ ኮዴክ ነው የሚሰራው፣ አይፎን ኤልዳክ ስለማይደግፍ። የባትሪው «30 ሰዓት» ደሞ ኬዙ ደጋግሞ የሚሞላው ተደምሮ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ኖይዝ ካንስሊንጉ (የውጭ ጫጫታ ማፈኛው) ጠፍቶ፣ ድምፁ 50 ፐርሰንት ላይ ሆኖ። እናንተ በምትሰሙበት ድምፅ፣ ካንስሊንጉን አብርታችሁ፣ አንዴ ሞልታችሁ «ባትሪ ዝቅተኛ ነው» እስክትል ድረስ ስንት ሰዓት እንደቆየች ያዙ።

ማይኩን የምፈትነው እንዲህ ነው። በስልኬ ሪከርደር ያንኑ አንድ አረፍተ ነገር አራት ቦታ እቀዳለሁ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ቬንትሌተር ፊት፣ የተከፈተ ቧንቧ አጠገብ፣ እና መኪና የሚያልፍበት መንገድ ዳር። ከዛ ለአንድ ወዳጄ የትኛው የት እንደሆነ ሳልነግረው እልክለታለሁ፣ «ይሄን ሦስተኛውን ምን እያልክ ነው?» ካለኝ ገባኝ። አንድ ጊዜ በካንስሊንጉ በጣም የተደነቅኩበት ኢርበድ ቧንቧው ጋ ስደርስ ከውሃው ጋር ድምፄንም አብሮ አጠፋው፣ ቀረጻው ላይ እኔ የለሁም፣ ጸጥ። ለሙዚቃ ብቻ ብሞክረው ኖሮ አስር ከአስር ነበር የምሰጠው። ምቾቱንም በሁለት ደቂቃ አትፍረዱ፣ ሁለት ሰዓት አድርጉትና ስታወጡት ጆሯችሁ ምን እንደሚል ስሙ።

ስማርት ሰዓት ላይ ቶሎ ልለፍ። እርምጃውን ለመፈተሽ 500 እርምጃ በአፋችሁ እየቆጠራችሁ ሂዱና አነጻጽሩ፣ ከዛ ደሞ ዕቃ ስታጥቡ አድርጉት፣ ቁጭ ብላችሁ ስትጫወቱ እጃችሁን እያወናጨፋችሁ፣ ስንት የሌለ እርምጃ እንደጨመረላችሁ እዩ። የልብ ምቱን እጃችሁ ላይ ደም ስሩን ይዛችሁ 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙ። ቆዳ ሳይበሳ የደም ስኳር ይለካል የሚል ሰዓት ወይ ቀለበት ካጋጠማችሁ ግን ሪቪው ማድረጉንም ተዉት፣ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 እንዲህ አይነት ሰዓትም ቀለበትም ፈቅዶ እንደማያውቅ ገልጾ አስጠንቅቋል። ሰው በሱ ተማምኖ ኢንሱሊን ቢወስድበት ምን ልትሉ ነው?

ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ ላይ አንድ ነገር ብቻ፤ 128 ጊጋ ብላችሁ ገዝታችሁ ዊንዶውስ 119 ቢላችሁ አልተሰረቃችሁም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። የሚያስፈራው ውስጡ 8 ጊጋ ሆኖ 128 ነኝ ብሎ ኮምፒውተሩን የሚዋሸው ነው፣ እሱ ስትጭኑበት ዝም ብሎ ይቀበላል፣ ከዛ ፋይሎቻችሁ ይበላሻሉ። እስከ አፉ ሞልታችሁ መልሳችሁ አንብቡት፣ ይህንን የሚሰሩ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፣ ኤች2ቴስትደብልዩ ለዊንዶውስ፣ ኤፍ3 ለሊኑክስና ለማክ።

ስክሪን ፕሮቴክተር ላይ የሚጻፈው 9ኤች ደሞ ያስቀኛል። ሰው ከአልማዝ ቀጥሎ ያለ ጥንካሬ ይመስለዋል፣ የማዕድን መለኪያው ላይ 9 ሰንፔር ስለሆነ። ይሄኛው ግን የእርሳስ መለኪያ ነው፣ የእርሳስ ጫፍ አይጭረውም ማለት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ማዕድን መለኪያው ላይ 7 ነው፣ መስታወትን ደሞ 6 አካባቢ ያለው ነገር መጫር ይጀምራል፣ ስለዚ ኪሳችሁ ውስጥ ከቁልፉ ይልቅ አቧራው ነው ጠላታችሁ። ለሪቪው ብላችሁ በቢላ አትጫሩት፣ ማንም በቢላ ስልኩን አይጭርም፣ ኪሳችሁ ውስጥ ሦስት ሳምንት ይዛችሁት ዙሩና መብራት ስር አሳዩ። ውሃም እንደዛው፣ አይፒ 67 ማለት ለግማሽ ሰዓት 1 ሜትር ንጹህ ውሃ ውስጥ ነው፣ በአዲስነቱ። ሳሙና፣ ሙቅ ውሃ፣ ባህር አልተሞከረም፣ ማሸጊያውም እያደር ይደክማል፣ አብዛኛው ዋስትናም ውሃ የገባበትን አይሸፍንም። እኔ ባልዲ ውስጥ አልከትም፣ «አምራቹ ይላል» ብዬ አልፋለሁ።

ስትጽፉት ከላይ ሦስት ነገር አስቀድሙ፣ ስንት ቀን እንደተጠቀማችሁ፣ ከምን ጋር እንዳነጻጸራችሁ፣ ዕቃው ከየት እንደመጣ። በነጻ ተልኮላችሁ ከሆነ መጨረሻ ላይ አትደብቁት፣ የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ላይ አድርጉት፣ ብዙ አገር ህግም ነው። ላኪው «ከመውጣቱ በፊት ልየው» ካለ ዕቃውን መልሱለት። እና ደሞ ከአስር ስንት የሚለውን እኔ ትቻለሁ፣ ሁሉም ነገር 8 ነው የሚሆነው ጉድ ነው፣ በሱ ፈንታ ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን እጽፋለሁ፣ «ቀኑን ሙሉ ስልክ የምታወራ ከሆነ ይሄን ኢርበድ አትግዛ፣ ሙዚቃ ብቻ ከሆነ ግዛው» አይነት።

ከዛ ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ሦስት ወር ቆጥራችሁ ምልክት አድርጉ። ቀኑ ሲደርስ ያንኑ ዕቃ ያዙና ያንኑ ፍተሻ ድገሙ፣ የድሮውን ጽሑፍ ሳታጠፉ ከላዩ ላይ ቀን ጽፋችሁ ጨምሩበት። የኔ የመጨረሻው እንዲህ ይላል፤ «ሦስተኛ ወር። ፓወር ባንኩ 64 ዋት አወር የነበረው 61 ሆኗል። ኬብሉ አንገቱ ጋ ነጭ መስመር አውጥቷል፣ ይሰራል ገና። የኢርበዱ ኬዝ ክዳን ላልቷል፣ ቦርሳ ውስጥ ራሱ ይከፈታል።»