ነርሲንግ ካልሆነ ምን ልማር ለምትሉ፦ የገበያ ጥናት በአሜሪካ

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ገና የገባ ሰው የሚሰማው ምክር ያው ነው፦ "ነርሲንግ ተማር፤ ካልሆነ አይቲ።" መጥፎ ምክር አይደለም። ግን ደም ማየት ለማይሆንለት፣ ቁጥር ለማይፈራና የሰው ጠባይ ለሚገርመው ሰው የገበያ ጥናት የሚባል ትምህርትም አለ።

ብዙዎች ከማስታወቂያና ከሽያጭ ጋር ያምታቱታል። ሥራው ሌላ ነው። አንድ ኩባንያ አዲስ ዕቃ ከማውጣቱ በፊት ማን እንደሚገዛው፣ በስንት እንደሚገዛው፣ የማይገዛውም ለምን እንደሆነ አጣርቶ ማቅረብ ነው። ኒልሰን፣ ኢፕሶስና ካንታር የሚባሉት ትልልቅ የጥናት ኩባንያዎች እንጀራቸው ይኸው ነው። ኒልሰን እንዲያውም ቺካጎ ላይ የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1923 ነው።

ሰው የሚፈራው ስታቲስቲክሱን ነው። እኔ ግን የሚከብደው ጥያቄ ማውጣት ነው እላለሁ። "በምግባችን ጣዕምና ዋጋ ረክተዋል?" የሚለውን እዩት። ጣዕሙን ወድዶ ዋጋው ያንገበገበው ሰው ምን ብሎ ይመልስ? አንዱ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ስላለ መልሱ ለምንም አይሆንም። ይሉኝታም አለ። ሐበሻ "ምግቡ እንዴት ነበር?" ሲባል ጨው ቢበዛበትም "በጣም ይጣፍጣል" ይላል። ስለዚህ ጎበዝ አጥኚ "ወደዱት ወይ?" አይልም፤ "ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ገዙ?" ይላል። ይሉኝታ ያሳደገው ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከየት ይጀመር? ከኮሚኒቲ ኮሌጅ። ሜሪላንድ ሞንጎምሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) አለ። ሁለት ዓመት ተምራችሁ ክሬዲታችሁን ይዛችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትዛወራላችሁ። መጀመሪያ አንድ የስታቲስቲክስ ኮርስ ውሰዱ፤ ካስጠላችሁ በርካሽ ወጣችሁ። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ግሪን ካርድ ከያዛችሁ ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ) ሙሉ። ለስቴቱ ነዋሪ የሚቀነሰውን የትምህርት ክፍያ ለማግኘት ግን ቨርጂኒያ በአብዛኛው 12 ወር፣ የሜሪላንድ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ደግሞ ሦስት ወር መኖር ይጠየቃል፤ ያንን ጊዜ እየሠሩ እንግሊዝኛን ማጠንከር ያዋጣል።

ከአገር ቤት ዲግሪ ያላችሁ ደግሞ ትራንስክሪፕታችሁን አስገምግማችሁ በቀጥታ ማስተርስ መሞከር ትችላላችሁ። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲና ሚሺጋን ስቴት በዚሁ ሙያ ማስተርስ ይሰጣሉ። በተማሪ ቪዛ የምትመጡ፣ አይ-20 (ትምህርት ቤቱ ለቪዛ የሚሰጣችሁ ቅጽ) ላይ የተጻፈውን የትምህርት ኮድ ሳታዩ ክፍያ እንዳትፈጽሙ። ኮዱ ከስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ዝርዝር ውስጥ ከሆነ ከተመረቃችሁ በኋላ ለተመራቂ በሚሰጠው የ12 ወር የሥራ ፈቃድ ላይ 24 ወር ማስጨመር ትችላላችሁ፤ ካልሆነ 12 ብቻ ነው።

ሥራው ብዙ ጊዜ ከታች ይጀምራል፦ ስልክ ደውሎ መጠየቅ፣ መልስ መመዝገብ፣ ኤክሴል ላይ ማጽዳት። አናሊስት ስትሆኑ ግን በአገር አቀፍ ደረጃ መካከለኛው የዓመት ደመወዝ ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ከግል ኩባንያ ሌላ ሆስፒታሎች፣ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲዎችም ይቀጥራሉ። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ዋና መሥሪያ ቤትም እዚሁ ሱትላንድ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ለ2020ው ቆጠራ የአማርኛ መመሪያ ሳይቀር አዘጋጅቶ ነበር። ለፌዴራል ሥራ ግን በአብዛኛው ዜግነት ይጠየቃል።

ቀጣሪዎች ከውጤታችሁ በላይ የሠራችሁትን ማየት ይፈልጋሉ። እናም ተማሪ ሳላችሁ የምታውቁትን የሐበሻ ሬስቶራንት ባለቤት አስፈቅዱ። አጠር ያለ መጠይቅ አዘጋጁ፣ ደንበኞቹን ጠይቁ፣ ውጤቱን በሁለት ገጽ ጻፉለት። ሲቪያችሁ ላይ ከትምህርቱ ቀጥሎ የሚገባው እሱ ነው።