ርካሹ ስልክ እንዳይወደድባችሁ፦ ዕቃ ከውጭ ለምትገዙ

የአንድ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ዋጋ አገራችሁ ውስጥ ትጠይቁና ክው ትላላችሁ። ቤት ገብታችሁ ያንኑ ዕቃ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉት ሌላ አገር ረክሶ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የለም፤ ማን ነው ወደዚያ የሚሄደው፣ ማን ነው ከዚያ የሚመጣው እያሉ መጠየቅ ነው። እኔም በዚህ መንገድ ለራሴም ለዘመድም ብዙ ዕቃ ገዝቻለሁ። አንዳንዴ ደህና ገንዘብ ተርፎኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምነው አርፌ እዚሁ በገዛሁ ብያለሁ።

የመጀመሪያውን ስህተቴን ልንገራችሁ። አዲስ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ስልክ ሌሎች ሱቆች ከሚሸጡበት በጣም ዝቅ ባለ ዋጋ አገኘሁ። ለምን ረከሰ ብሎ መጠየቅ ሲገባኝ፣ ሰው ሳይቀድመኝ ብዬ ከፈልኩ። አገሬ ገብቼ ሲሜን ስከትበት አልቀበልም አለኝ። ለካ አንድ የቴሌኮም ድርጅት ለራሱ ደንበኞች የሚሸጠው፣ በእሱ ሲም ብቻ እንዲሠራ የተቆለፈ ስልክ ነው። ክፈቱልኝ ብዬ ብጽፍላቸው፣ መጀመሪያ ለተወሰነ ጊዜ በእኛ መስመር መሥራት አለበት አሉ፤ እኔ ደግሞ ያለሁት ባሕር ማዶ! ለወራት በዋይፋይ ብቻ የሚሠራ ስልክ ይዤ ዞርኩ።

ስለዚህ ሻጩን ከዋጋው በፊት ይህን ጠይቁት፦ የየትኛውንም ድርጅት ሲም ይቀበላል ወይ? አይፎን ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ጄኔራል፣ ከዚያ አባውት ግቡ። ካሪየር ሎክ ከሚለው ጎን "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" ካለ ነፃ ነው። ሌላ ስልክ ከሆነ የሌላ ድርጅት ሲም ከትቶ እንደ መሞከር ያለ ነገር የለም።

ቀጥሎ የሞዴል ቁጥር። ስማቸው አንድ፣ ሆዳቸው የተለያየ ስልኮች አሉ። ከአይፎን 14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት አይፎኖች የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይከተት ስልኩ ላይ በሚጫን ሲም ብቻ ነው። የናንተ ቴሌኮም ኢሲም የማይሰጥ ከሆነ ነገሩ እዚያው አበቃ። ሆንግ ኮንግና ቻይና የሚሸጡት ብዙዎቹ አይፎኖች ደግሞ በተቃራኒው ሁለት ፕላስቲክ ሲም ይይዛሉ፤ ሁለት መስመር ለሚይዝ ሰው ግሩም ነው። ለጃፓንና ለደቡብ ኮሪያ ገበያ የተሠሩ ብዙ ስልኮች ፎቶ ሲያነሱ ድምፃቸው አይጠፋም። ስማቸው አንድ፣ ሆዳቸው የተለያየ ሳምሰንግም አለ። በ2024 የወጣው ጋላክሲ ኤስ24 አሜሪካ ውስጥ ሲሸጥ ስናፕድራገን የሚባል ፕሮሰሰር (የስልኩ ዋና ቺፕ) ነበረው፣ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ኤክሲኖስ የሚባል ሌላ። ስሙ ያው ኤስ24 ነው።

ሳምሰንግ ላይ ሌላም የማትጠብቁት ነገር አለ። አንዳንዶቹ ካርቶናቸው ላይ ለዚህ አካባቢ ብቻ የሚል ምልክት ይለጠፍባቸዋል። እንዲህ ዓይነቱ ስልክ መጀመሪያ በተሸጠበት አካባቢ ሲም በድምሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ካልተደወለበት የሌላ አገር ሲም አይቀበልም። መላው ቀላል ነው፤ እዚያው እያላችሁ የአካባቢውን ሲም ከትታችሁ ከሰው ጋር ትንሽ አውሩ። ይህን ሳታውቁ አገራችሁ ከገባችሁ ግን ጣጣ ነው።

የሞዴል ቁጥሩን ከያዛችሁ በኋላ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ የትኞቹን የ4ጂና የ5ጂ ባንዶች (የኔትወርክ ሞገዶች) እንደሚደግፍ እዩና የናንተ ቴሌኮም ከሚጠቀምባቸው ጋር አስተያዩ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ይህን ያልሠራ ሰው ነው በኋላ "ኔትወርኩ ደካማ ነው" እያለ የሚያማርረው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሱቅ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። አሜሪካ ውስጥ የሚለጠፈው ዋጋ ታክስ የለበትም፤ ሒሳብ ስትከፍሉ ይጨመርበታል፣ መጠኑም ከግዛት ግዛት ይለያያል። ኦሪገን፣ ደላዌር፣ ሞንታናና ኒው ሃምፕሸር የግዛት የሽያጭ ታክስ ስለሌላቸው ዘመዳችሁ እዚያ የሚኖር ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። አውሮፓ ግን ቫቱ ዋጋው ውስጥ ተካቷል፤ ጀርመን 19 በመቶ፣ ፈረንሳይ 20፣ ሃንጋሪ 27። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የምትኖሩ ከሆነ ዕቃውን ይዛችሁ ስትወጡ ይህን ቫት ማስመለስ ትችላላችሁ። ስትገዙ ፓስፖርት አሳይታችሁ ፎርም ትወስዳላችሁ፣ ከኅብረቱ የምትወጡበት የመጨረሻው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጉምሩክ ያረጋግጥላችኋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሻንጣውን አስረክቦ ካበቃ በኋላ ጉምሩክ ጋ ሄዶ "ዕቃው የታለ?" ሲባል አፉን ይይዛል። መጀመሪያ ጉምሩክ፣ ከዚያ ሻንጣ። ደግሞ 19 በመቶው ሙሉ ለሙሉ አይመለስላችሁም፤ ገንዘቡን የሚመልሰው ድርጅት የራሱን ድርሻ ይቆርጣል።

ብሪታኒያ ይህን አሠራር ከ2021 ጀምሮ ትታዋለች፣ ስለዚህ ለንደን ሄዳችሁ ከሱቅ ገዝታችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ከወጣችሁ ተመላሽ የለም። ሆንግ ኮንግ መጀመሪያውኑ ቫት የላትም። ዱባይ ቫቱ 5 በመቶ ብቻ ነው፣ ለጎብኚም ይመልሳሉ። ጃፓን ውስጥ 10 በመቶውን ሱቁ ራሱ ፓስፖርት አይቶ ሲቀንስ ነው የኖረው፤ ከኅዳር 2026 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ግን መጀመሪያ ሙሉውን ከፍሎ ሲወጡ ማስመለስ ተብሏል።

በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ "በአገርዎ ገንዘብ ይክፈሉ?" ብሎ ከጠየቃችሁ እምቢ በሉ። ደግ መስሎ ነው እንጂ የሚመነዝረው ራሱ ባወጣው ውድ ምንዛሪ ነው። በዚያው አገር ገንዘብ ክፈሉና ባንካችሁ ይመንዝረው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የራሳችሁ ጉምሩክ አለ። ቁጠባው በአብዛኛው የሚቀልጠው እዚህ ነው። ለግል መገልገያ ስንት ስልክ፣ ስንት ላፕቶፕ፣ እስከ ስንት ዋጋ ድረስ ያለ ቀረጥ እንደሚገባ ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ፤ ሕጉ ስለሚለዋወጥ ያለፈው ዓመት መንገደኛ የነገራችሁን አትመኑ። ስልክ ላይ ደግሞ ምዝገባ የሚጠይቁ አገሮች አሉ። ቱርክን ብንወስድ ከውጭ የገባ ስልክ በ120 ቀን ውስጥ ከፍተኛ ክፍያ ተከፍሎበት ካልተመዘገበ ከኔትወርክ ይዘጋል። ፓኪስታንም ተመሳሳይ አሠራር አላት። ካርቶኑን ጥሎ "የራሴ ነው" ማለት የሚሠራ የሚመስላቸው አሉ፤ አምስት ስልክ ይዞ "ሁሉም የራሴ ነው" የሚል ሰው ግን ማን ያምነዋል? እኔ ቀረጡን ደምሬ አስልቼ ልዩነቱ ከ15 በመቶ በታች ከሆነ እተወዋለሁ። ለዋስትናው ስል።

ዋስትና ካልኩ አይቀር፣ ዓለም አቀፍ ነው ሲሏችሁ በአፍ አትቀበሉ። አፕል እንኳ የአይፎን ዋስትናን በተሸጠበት አገር ብቻ ሊገድበው እንደሚችል ውሉ ላይ ጽፏል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አዲስ ዕቃ ላይ የሁለት ዓመት ጥበቃ አለ፣ ግን ተጠያቂው ሻጩ ነው፤ እናንተ ሌላ አህጉር ሆናችሁ ሻጩን የት ታገኙታላችሁ?

ላፕቶፕ ከሆነ ኪቦርዱን እዩት። የፈረንሳይና የጀርመን ኪቦርድ ላይ ፊደላቱ ቦታቸው ተቀያይሯል። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ የትም አገር ይሠራል፣ የሚያስፈልጋችሁ የሶኬት አዳፕተር ብቻ ነው። 100 ወይም 120 ብቻ የሚል ዕቃ 220 ቮልት ላይ ከሰካችሁት ግን ይቃጠላል። የጌም ኮንሶልም ወጥመድ አለው፤ ኔንቴንዶ ስዊች 2 በ2025 ሲወጣ ጃፓን ውስጥ ከሌላው በ20,000 የን የረከሰ ዓይነት ቀርቦ ነበር። ደስ ይላል አይደል? ቋንቋው ጃፓንኛ ብቻ ነው፣ አካውንቱም የጃፓን ብቻ።

መንገደኛ የምትልኩ ከሆነ "አንድ ጥሩ ስልክ ግዛልኝ" አትበሉት። ሙሉውን የሞዴል ቁጥር፣ ቀለሙንና ሜሞሪውን ጽፋችሁ፣ ገንዘቡንም አስቀድማችሁ ስጡት። ጉምሩክ ላይ ቢያዝ ማን እንደሚከፍልም ያኔውኑ ተነጋገሩ፣ ዝምድና የሚበላሸው በዚህ ነው። ፓወር ባንክ ካለ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚረከበው ሻንጣ አይሄድም፤ የባትሪው አቅም እስከ 100 ዋት ሰዓት የሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም። 20,000 ሚሊአምፕ የሚባለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው።

የምትገዙትን ጉዞው መጀመሪያ ላይ ግዙ እንጂ የመጨረሻው ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አይሁን። ዲዩቲ ፍሪ ስለተባለ የግድ ርካሽ አይደለም፣ ችግር ቢኖረው የምትመልሱበት ጊዜም የለም። ሆቴል ገብታችሁ ክፈቱት። *#06# ስትደውሉ የሚመጣው 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር (አይኤምኢአይ) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፣ ካሜራውን፣ ስፒከሩን፣ ቻርጅ ማድረጉን ሞክሩ። ያገለገለ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን ሻጩ ፊታችሁ ቆሞ እያለ እዩ። ደረሰኙንም በዚያው ቀን ፎቶ አንሱት፤ ያ ስስ ወረቀት ጥቂት ወራት ሲቆይ ጽሑፉ ይጠፋል።